ትኬት ሳይቈርጥ የሚያልፈው መንገደኛ፤ ስለ አዋራ ጉዞ ታሪክ

በሐምሌ ወር ከጥቂት ሠልጣኝ መምህራን ጋር ለትምህርት ጉብኝት ወደ ጅቡቲ ወርደን ነበር። ነጋድ በሚባለው በአዲሱ የባቡር ጣቢያ የመመለሻችንን ሰዓት ስንጠብቅ ያየሁት አንድ ቀላል ነገር ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አነሣሣኝ። ከምዕራብ በኩል ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። አንድ ሽማግሌ ጠራጊ የጣቢያውን ወለል ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ይጠርጋል፤ ነገር ግን ወደ ሌላው ጫፍ ሳይደርስ የጀመረበት ቦታ ተመልሶ በአዋራ ይሸፈናል። ሰውየው ሳይቈጣና ሳይሰለች እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ይህን ሲመለከት የቈየ አንድ ሠልጣኝ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «መምህር፣ እኛ እዚህ ለመድረስ ትኬት ቈርጠን፣ በወሰን ላይ ወረቀታችንን አሳይተን ነው። ይህ አዋራ ግን ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። ከየት ተነሥቶ የት ሊደርስ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የታሪክ መምህር ነኝና ጥያቄው ስለ ምድር ባቡሩ ቢሆን ኖሮ ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ እመልስለት ነበር። ጥያቄው ስለ አዋራ ስለ ሆነብኝ ግን፣ «ከበረሓ ተነሥቶ ባሕር ይገባል» ብዬ አለፍሁት። መልሴ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን መምህር ሊያሳፍረው የሚገባ ጐደሎ መልስ ነበር። ከተመለስሁ በኋላ ነገሩን ስመረምር የተረዳሁት፣ አዋራ ባሕር ገብቶ የሚጠፋ ነገር አለመሆኑን ነው። ከደረሰበት አገር አንዱን ያለማል፣ ሌላውን ይጎዳል፤ በባሕር ወለል ላይ የሰፈረውም የመጣበትን አገር ታሪክ ይዞ ይቀመጣል። እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የአገራችን መዛግብት አንዱ የተገኘውም ከጅቡቲ ወደብ ባሻገር፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ውኃ በታች ነው።

ከኢትዮጵያ ደጋ ወደዚህ ዳርቻ አቅጣጫ የሚወርዱ ሦስት መንገደኞች አሉ፤ እነርሱም ባቡር፣ ወንዝና ነፋስ ናቸው። የባቡሩ ታሪክ ለአንባብያን የታወቀ ስለ ሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በዚህ 784 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው ሐዲድ ቡናና ቆዳ ወረደበት፤ ጨርቅና መኪና ወጣበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የወጡት በዚሁ ባቡር ጅቡቲ ደርሰው ነው። አሮጌውን መስመር የተካው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ።

ሁለተኛው መንገደኛ የአዋሽ ወንዝ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ የሸዋን አፈር እየጠረገ፣ ቆቃን አልፎ፣ ባቡሩ በድልድይ ከሚሻገረው ገደል ወጥቶ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ግን ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው፤ ተሸክሞ ያመጣውንም አፈር በማደሪያው ያራግፋል። አቤ ሐይቅ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ ምድሪቱ ከዛሬው ይልቅ ዝናብ በምታገኝበት ዘመን፣ እጅግ ሰፊ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ደቃቅ ጭቃው በሜዳው ላይ ተገልጦ ቀረ። ግራን ባራና ፕቲ ባራ የሚባሉት የጅቡቲ ሜዳዎችም እንዲሁ የደረቁ የሸክላ አፈር ሜዳዎች ናቸው።

የወንዙ ጉዞ በሚያበቃበት ቦታ የሦስተኛው መንገደኛ የነፋስ ተራ ይጀምራል። በእኛ ደጋ ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ በጅቡቲ የዓመቱ እጅግ ሞቃት ወራት ናቸው። በዚያን ጊዜ ከምዕራብ በኩል የሚነፍሰውን ደረቅና አዋራ የተሸከመ ነፋስ የአገሩ ሰዎች ኸምሲን ይሉታል፤ ቃሉ በዐረብኛ ኀምሳ ማለት ነው። ይህ ነፋስ የደረቀውን የሐይቅ ወለል እየጫረ ወደ ባሕሩ ይነዳል። ስለዚህ በጣቢያው ወለል ላይ ያየነው አዋራ ከምን ያህል ርቀት እንደ መጣ ቈጥሮ መናገር ባይቻልም፣ ከእነዚህ ሜዳዎች የሚነሣው አፈር ግን በከፊል ወንዝ ከደጋ ያወረደው ነው። አዋሽ ያልጨረሰውን መንገድ ነፋስ ይጨርስለታል ማለት ነው።

አፈር በነፋስ የሚሄድበትን ሕግ በጥንቃቄ ካጠኑት ሰዎች አንዱ ራልፍ ባግኖልድ የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ነው። ባግኖልድ በሊቢያ በረሓ በአውቶሞቢል ሲዘዋወር ያየውን ወደ ቤተ ሙከራ ወስዶ ነፋስን በዋሻ መሰል ሣጥን ውስጥ እያስነፈሰ መረመረ፤ የደረሰበትንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። እንደ እርሱ ጥናት አሸዋ በሰማይ አይንሳፈፍም፤ ከመሬት ብድግ ብሎ ጥቂት ይሄድና ይወድቃል፤ ሲወድቅም ሌላውን ያስፈነጥራል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንትም ዘሎ የሚወድቀው አሸዋ ደረቁን የሸክላ አፈር እንደ መዶሻ እየመታ ደቃቁን ብናኝ እንደሚያስለቅቀው አስረድተዋል። ወፍራሙ አሸዋ እዚያው በረሓ ውስጥ ይቀራል። ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ያነሰው ብናኝ ግን በሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣና ለብዙ ቀን ሳይወርድ ይጓዛል። እንግዲህ ባሕር የሚሻገረው ዐይናችንን የሚወጋው አሸዋ አይደለም፤ ወድቆ እንኳ የማንሰማው ትቢያ ነው።

የሰው ልጅ ይህን ጉዞ የተረዳበት ታሪክም በእኛው ቀይ ባሕር ዳርቻ ያልፋል። ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ወጣት የጀርመን ሐኪሞች በ1820 እ.ኤ.አ. ከበርሊን ተልከው የግብጽን፣ የኑቢያንና የቀይ ባሕርን ዕፀዋትና እንስሳት ሲመረምሩ ቈዩ። በ1825 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደርሰው ሳለ ሄምፕሪክ በንዳድ ሞተ። ባልንጀራውን ቀብሮ ወደ አገሩ የተመለሰው ኤረንበርግ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በአጉሊ መነጽር የሚታዩትን ጥቃቅን ፍጥረታት ለማጥናት አዋለው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጥር ወር 1832 እ.ኤ.አ.፣ ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ወደ ኬፕ ቨርድ ደሴቶች ሲደርስ ሰማዩ በደቃቅ አዋራ ተሸፍኖ አገኘው። በኋላም አምስት ትናንሽ የአዋራ ጥቅሎች ለኤረንበርግ ላከለት። ኤረንበርግ በአጉሊ መነጽር ሲመረምረው 67 ዐይነት የጥቃቅን ፍጥረታትና የዕፀዋት ቅሪቶችን ቈጠረ። ጥቃቅን ፍጥረታቱም ከሁለቱ በቀር በባሕር ሳይሆን በጣፋጭ ውኃ የሚኖሩ ነበሩ። ነገር ግን ኤረንበርግ የአፍሪካ ብቻ መሆናቸውን ከሚያውቃቸው ውስጥ አንድም አላገኘም፤ በደቡብ አሜሪካ ብቻ የሚያውቃቸውን ሁለት ዐይነቶች ግን አገኘ። ዳርዊን ይህን ሰምቶ አልተናወጠም። አዋራው በወደቀ ቍጥር ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደ ነበረና ወሩ የትኛው እንደ ነበረ መርምሮ፣ አዋራው የመጣው ከአፍሪካ ነው ሲል ወሰነ። እኛ መምህራን ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ሊቁ በመነጽሩ ያላየውን፣ መርከበኞች ቀንና የነፋስ አቅጣጫ እየጻፉ ያቈዩት ተራ መዝገብ ገለጠው።

የዛሬው ዕውቀት የዳርዊንን ፍርድ አጽንቶአል። በዓለም ላይ ከአንድ ስፍራ የሚነሣ እጅግ ብዙ አዋራ የሚወጣው በቻድ አገር ቦዴሌ ከሚባለው ዝቅተኛ ሜዳ ነው። ይህ ሜዳ የጥንቱ ታላቅ የቻድ ሐይቅ ወለል ነበር፤ አፈሩም በአብዛኛው የጣፋጭ ውኃ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊት ነው። ከቲበስቲና ከኤኔዲ ተራሮች መካከል ተጨንቆ የሚወጣው ነፋስ ያንን ቅርፊት እየፈጨ ያነሣዋል። ከ2007 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በሳተላይት የተደረገ ልክ እንደሚያሳየው፣ በየዓመቱ በአማካይ 182 ሚሊዮን ቶን አዋራ ከሰሐራ ወደ ምዕራብ ይወጣል። ከዚህም 27.7 ሚሊዮን ቶን ያህሉ አትላንቲክን ተሻግሮ በአማዞን ደን ላይ ይወርዳል። በውስጡም ለዕፀዋት ምግብ የሚሆን 22,000 ቶን ያህል ፎስፎረስ ይገኛል። በአፍሪካ የሞተ ሐይቅ በደቡብ አሜሪካ ያለ ደን ይመግባል ማለት ነው።

እስከ አሁን የተናገርሁት በአየር ስለሚሄደው ነው። በባሕር ላይ የሚወድቀው ግን ምን ይሆናል? የዚህ መልስ ወደ ጅቡቲ ይመልሰናል። በግንቦት ወር 1972 እ.ኤ.አ.፣ ማለት በ1964 ዓ.ም.፣ ግሎማር ቻሌንጀር የተባለች የምርምር መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነሣች። ሥራዋ የባሕርን ወለል በረጅም ቱቦ እየቦረቦሩ በውስጡ የተነባበረውን ጭቃ እንደ ዓምድ አድርጎ ማውጣት ነበር። ከቦረቦረችባቸው ቦታዎች አንዱ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ 231 የሚል ቍጥር የተሰጠው ነው። በዚህ ጥልቅ ባሕር ወለል ላይ ጭቃ የሚነባበረው በሺህ ዓመት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ በሚሊዮን በሚቈጠር ዘመን ውስጥ ትልቅ መጽሐፍ ሆኖአል። ከጭቃው መካከልም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ደቃቅ አመድ በየሥፍራው ተነጥፎ ተገኘ።

በዚያን ጊዜ የዚህ አመድ ጥቅም ገና አልታወቀም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአፋር ምድር በሐዳር ድንቅነሽ የተባለችው፣ ዓለም ሉሲ እያለ የሚጠራት፣ ጥንታዊት ቅሪት ተገኘች። ወዲያውም ዕድሜዋ ስንት ነው የሚለው ክርክር ተነሣ። በሐዳር የአፈር ንብብር ውስጥ ድንቅነሽ ከተገኘችበት ደረጃ በታች ሲዲ ሐኮማ የሚባል የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። በ1985 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት ይህንን አመድ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጭቃ ከወጣው አመድ ጋር በንጥረ ነገሩ አስተያይተው፣ ሁለቱ ከአንድ ፍንዳታ የወጡ መሆናቸውን አስታወቁ። በኬንያ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው ቱሉ ቦር የሚባለው አመድም ከዚያው ፍንዳታ የወጣ ነው። በየብስ ላይ ጐርፍ ቈርጦት፣ መሬት ተሰንጥቆበት የተዘበራረቀው ታሪክ በባሕር ወለል ላይ ግን ሳይነካ በተራው ተቀምጦ ስለ ነበር፣ የአንዱ ቅጠል የሌላውን ቅጠል ለማንበብ ረዳ። ዛሬ ያ አመድ 3.4 ሚሊዮን፣ ድንቅነሽ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላቸው ይታወቃል።

ከአመዱም በላይ አዋራው ራሱ ተነበበ። ከዐረብ ባሕር ወለል የወጡት የጭቃ ዓምዶች ከአፍሪካ የሚነፍሰው አዋራ በአንዳንድ ዘመናት እንደ ጨመረ አሳይተዋል። ከ2.8፣ ከ1.7 እና ከ1 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ምሥራቅ አፍሪካ ወደ ደረቅነት እያዘነበለች እንደ ሄደች ከዚህ ተረድተዋል። በ231 ቍጥር ቦታ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ነፋስ ከየብስ ያመጣው የቅጠል ሰም ተገኝቶ፣ በጥንት ዘመን ዛፍ የበዛበት አገር እንዴት ወደ ሣር ሜዳ እንደ ተለወጠ መስክሮአል። ያለ ብራናና ያለ ቀለም የተጻፈ ታሪክ ይኸውና።

ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስለን፣ በዘመናችን የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ በአካባቢው ያሉትን መንደሮችና የከብት ግጦሽ ሸፈነ፤ ወደ ላይ የወጣውም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን ላይ አለፈ። ወዲያውም ወደ ፓኪስታንና ወደ ሰሜን ሕንድ ደርሶ፣ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኙ መንገደኞች አውሮፕላናቸው ተሰርዞባቸው ቀሩ። ዓለም ወሬውን የሰማው ከአውሮፕላን ጣቢያዎች ነው። ጭንቁ መጀመሪያ የደረሰበት ግን ፍየሎቹ የሚግጡትን ያጣው የአፋር አርብቶ ዐደር ነበር።

እሳተ ገሞራን ሰው ሊከለክለው አይችልም። አፈርን ግን ሊይዘው ይችላል፤ ሊለቅቀውም ይችላል። ለዚህ የአሜሪካ ገበሬዎች ታሪክ ምስክር ነው። በመካከለኛው አሜሪካ የነበረው ሰፊ የሣር ሜዳ በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ ታርሶ ስንዴ ተዘራበት። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድርቅ ሲገባ አፈሩን የሚይዝ ሥር ጠፋ። በግንቦት ወር 1934 እ.ኤ.አ. ከዚያ የተነሣው አዋራ ኒው ዮርክንና ዋሽንግተንን አጨለመ፤ በአትላንቲክ ላይ በሚሄዱ መርከቦችም ላይ ወደቀ። በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር የአፈር ጥበቃ ሕግ ወጣ። ሕጉ የወጣው ግን አፈሩ ከሄደ በኋላ፣ ገበሬውም ቤቱን ጥሎ ከተሰደደ በኋላ ነው።

በእኛ አህጉርም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ጆሴፍ ፕሮስፔሮ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባርቤዶስ ደሴት ከአፍሪካ የሚመጣውን አዋራ ሲለካ ቈይቶ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት መጠኑ እጅግ እንደ ጨመረ አየ። እነዚያ ዓመታት በሳህል አገሮች ድርቅ የበረታባቸው፣ በአገራችንም የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ የወደቀባቸው ናቸው። የአፍሪካ ገበሬ መከራ በባርቤዶስ በማጣሪያ ጨርቅ ላይ ይመዘገብ ነበር። የአዋራው ወራት ለጤናም ክፉ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው ቀጠና የማጅራት ገትር ወረርሽኝ የሚነሣው ብዙ ጊዜ አየሩ ደረቅና አዋራማ በሚሆንበት ወራት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃውም በትምህርት ገበታ ላይ ያለውን ዕድሜ ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ወደ ራሳችን ይመለሳል። በአዋሽ ራስጌ ያለው ገበሬ ዳገቱን ሣርና ዛፍ አስቀርቶ ሲያርስ፣ ክረምቱ አፈሩን ወደ ወንዙ ይወስዳል። ወንዙ ከፊሉን በቆቃ ግድብ ውስጥ ይደፋል፤ ግድቡም በደለል ይሞላል። ከፊሉን ደግሞ ወደ ቆላ ያወርደዋል፤ በዚያም ሲደርቅ ነፋስ ይረከበዋል። በየትኛውም ጣቢያ ላይ አስቁሞ፣ «የማን አፈር ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የኮንሶ ሕዝብ ይህን ሳያነብ ዐውቆ፣ ለብዙ ትውልድ በድንጋይ እርከን አፈሩን ይዞ ኖሮአል፤ የኮንሶ መልክዐ ምድርም በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል። በየትምህርት ቤታችን ስለ አክሱም ሐውልትና ስለ ላሊበላ ስናስተምር፣ የኮንሶን እርከንም በዚያው ማዕርግ ማስተማር ይገባናል። አፈርን በሥፍራው ማቈየት ሐውልት ከማቆም የሚያንስ ሥራ አይደለምና።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ትንሽ ሐሳብ ላቅርብ። ከዳርዊን ታሪክ እንዳየነው፣ ትልቁን ጥያቄ የፈታው ቀንና የነፋስ አቅጣጫ የያዘ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በበጋው ወራት አንድ ነጭ ሳሕን ውኃ አድርጎበት በጣራ ላይ ቢያስቀምጥ፣ በየሳምንቱ የተጠራቀመውን አዋራ አድርቆ ቢመዝን፣ ቀኑን፣ ነፋሱ የመጣበትን አቅጣጫና በአካባቢው የታረሰውን ወይም የተቃጠለውን ቢጽፍ፣ ወጪው ከአንድ ደብተር አይበልጥም። ከዓሥር ዓመት በኋላ ግን ያ ደብተር የወረዳው ታሪክ ይሆናል። የአገራችንን ጥንታዊ መዝገብ ከባሕር ያወጡልን ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። የዘመናችንን መዝገብ ግን ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያወጣልን ድረስ መጠበቅ አይገባንም።

ያ ሠልጣኝ ዛሬ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምራል። በጣቢያው ላይ ሳልመልስለት የቀረሁትን ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ መልሼአለሁ፤ ይኸውም አዋራው ከእርሻችንና ከደረቁ ሐይቆቻችን ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የሌላው ሰው ሲሳይ ወይም ሕመም ይሆናል፤ ባሕር ውስጥ የወደቀውም ስለ እኛ ይመሰክራል ማለት ነው። ሽማግሌው ጠራጊ መጥረጊያውን ይዞ ሳይሰለች እንደሚነሣ፣ እኛም ሳንሰለች ብናስተምር፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ያንን ጭቃ የሚያነብ ሰው በእኛ ዘመን አዋራው እንደ ቀነሰ ለማየት ይበቃ ይሆናል።